ምዕራፍ ስድስት፦ ታኮ፣ ከረባትና ቁምጣ

እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ምዕራብ አውሮፓን ከባድ ሙቀት መታው። በፈረንሳይዋ የናንት ከተማ አውቶቡስ የሚነዱ ወንዶች፣ በመስታወት በተከበበ ጋቢና ውስጥ ረጅም ሱሪ ለብሶ መዋል አልተቻለምና ቁምጣ ይፈቀድልን ሲሉ አለቆቻቸውን ጠየቁ። ኩባንያው እምቢ አለ፤ የአለባበስ ደንቡ ቁምጣ አይፈቅድም። ሹፌሮቹ ደንቡን ገልጠው ሲያዩት ግን ሴት ሹፌሮች ጉርድ ቀሚስ እንዲለብሱ ይፈቅዳል። እነሱም ጉርድ ቀሚስ ለብሰው መሪ ጨበጡ። ፎቶግራፋቸው በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ፣ ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ቁምጣ ፈቀደ።

ይህን ብልሃት የጀመሩት እነሱ አይደሉም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2013 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር የአውሮፓውያን ናቸው)፣ በስቶክሆልም የከተማ ዳርቻ ባቡር የሚነዱ ወንዶች ጋቢናቸው 35 ዲግሪ ሲደርስ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ባቡሩን የሚያስተዳድረው አሪቫ የተባለው ኩባንያ፣ ወንድን ጉርድ ቀሚስ አትልበስ ማለት አድልዎ ይሆናል ብሎ ዝም አለ፤ ቆይቶም ቁምጣን ፈቀደ። ናንቶች ጉርድ በለበሱበት ሳምንት ደግሞ በእንግሊዝ ኤክሰተር ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ወንድ ተማሪዎች በዚያው መንገድ ሄዱ።

ሹፌሮቹ ጉርድ ቀሚስ አምሯቸው አልነበረም። አውቶቡሱ በቁምጣም ሆነ በሱሪ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ተሳፋሪው ትኬቱን ቆርጦ ይወርዳል። ቁምጣ ሥራውን በምን እንደሚጎዳው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሠራተኛ ስለ ሥራ ልብሱ ሲያጉረመርም አለቆች ብዙ ጊዜ ስንፍና ወይም ድፍረት ይመስላቸዋል። ጉዳዮቹን አንድ በአንድ ሲመረምሩ የሚገኘው ሌላ ነው፤ ሠራተኛን የሚያንገበግበው ምክንያቱ ሳይነገረው ዋጋውን ብቻውን የሚከፍልበት ደንብ ነው። ዋጋው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ የእግር ሕመምም፣ ጠዋት መስታወት ፊት የሚጠፋ ጊዜም፣ ክብርም ይሆናል።

በእግር እንጀምር።

ዲሴምበር 2015 ላይ የ27 ዓመቷ ኒኮላ ቶርፕ ለንደን በሚገኘው የፒደብሊውሲ የሒሳብ ድርጅት ቢሮ በጊዜያዊ እንግዳ ተቀባይነት ለመሥራት በመጀመሪያ ቀኗ ተገኘች። የቀጠራት ፖርቲኮ የተባለ፣ ለትላልቅ ቢሮዎች እንግዳ ተቀባዮችን የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ያደረገችው ለቢሮ የሚሆን ንጹሕ ፍላት ጫማ ነበር። የድርጅቱ ደንብ ግን ሴት እንግዳ ተቀባይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ታኮ ያለው ጫማ ታድርግ ይላል። ሄደሽ ግዢና ተመለሺ ተባለች። ቶርፕም ጠየቀች፦ ዘጠኝ ሰዓት ያህል እንግዶችን ወደ ስብሰባ ክፍል እያደረስሁ የምውል ነኝ፤ ይህን ሥራ በፍላት ጫማ በደንብ የማልሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ወንዱ ባልደረባዬስ ታኮ ያደርጋል? ሳቁባት። ያለ ክፍያም ወደ ቤቷ ተላከች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፤ ያ ሳቅ የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ጉዳይ ይዟል። ጥያቄዋ ቀላልና መልስ የሚሻ ነበር። ታኮ ለሥራው የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ አለቃዋ ጥቅሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራት ነበር። የሳቀው መልስ ስለሌለው ነው።

ቶርፕ በ2016 ለብሪታንያ ፓርላማ አቤቱታ ከፈተች። አንድ አቤቱታ በፓርላማ ለክርክር እንዲታሰብ 100,000 ፊርማ ይበቃዋል፤ የእሷ ከ150,000 በላይ ሰበሰበ። ሁለት የፓርላማ ኮሚቴዎች፣ የአቤቱታዎች ኮሚቴና የሴቶችና የእኩልነት ኮሚቴ፣ ጉዳዩን በጋራ መርምረው በጃንዋሪ 2017 ሪፖርታቸውን አወጡ። በምርመራው ወቅት በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች የራሳቸውን ገጠመኝ ጽፈው ላኩ። በታኮ ጫማ ከባድ ሻንጣ የሚያነሡ፣ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ እግራቸው ደምቶ የሚያገኙት ነበሩ። የእግር ሐኪሞችም ታኮ ጫማ ለረጅም ጊዜ ሲደረግ በእግርና በመገጣጠሚያ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ለኮሚቴዎቹ አስረዱ።

ሪፖርቱ የፖርቲኮን የአለባበስ ደንብ ዝርዝርም ይዟል። ታኮው ከብዙዎቹ አንቀጾች አንዱ ብቻ ነበር። ሴት ሠራተኛ ሜካፕ ሁልጊዜ ተቀብታ፣ በየጊዜውም እያደሰች መዋል አለባት፤ ሊፕስቲክ፣ ማስካራ፣ የዓይን ቀለምና የፊት ፓውደር ከዝቅተኛው መስፈርት ውስጥ ናቸው። ጸጉሯን ቀለም የምትቀባ ከሆነ ከሥሩ የሚበቅለው የተፈጥሮ ቀለም እንዳይታይ መንከባከብ አለባት። የስቶኪንጉ ውፍረት፣ የጥፍር ቀለሙ ዓይነት ሁሉ ተወስኗል። ይህን ሁሉ ስታሟላ ሥራዋ እንግዳን በፈገግታ ተቀብሎ ወደ ስብሰባ ክፍል ማድረስ ነው።

ፖርቲኮ ጉዳዩ አደባባይ እንደወጣ ደንቡን ለውጦ ፍላት ጫማ ፈቀደ። መንግሥት ግን ሕግ አልቀየረም። የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ አድልዎን ስለሚከለክል በቂ ነው አለ፤ በሜይ 2018ም ለአሠሪዎች መመሪያ አወጣ። ኮሚቴዎቹ ችግሩን ከዚያ ጠልቀው አይተውት ነበር። ሕጉ ወረቀት ላይ አለ፤ የሚያስከብረው ግን ሠራተኛው ራሱ ከስሶ ነው። ከ2013 እስከ ጁላይ 2017 ድረስ ደግሞ በብሪታንያ የሥራ ክርክር ችሎት የአድልዎ ክስ አቅርቦ እስከ መጨረሻው ለማስሰማት እስከ 1,200 ፓውንድ ክፍያ ይጠየቅ ነበር፤ ክፍያውን ያስቀረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። በሰዓት ሒሳብ የምትቀጠር እንግዳ ተቀባይ ስለ ጫማ ብላ ያን ያህል ገንዘብ ታወጣለች ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ታኮውን ገዝታ፣ ፕላስተር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሌሎች አገሮች ፈጠን ብለዋል። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በኤፕሪል 2017 አሠሪዎች ታኮ ጫማ እንዳያስገድዱ በሥራ ቦታ ደኅንነት ደንቧ ከለከለች። ጉዳዩን ከመልክ ጉዳይነት አውጥታ ከአደጋ መከላከያ ጋር ማስቀመጧ ብልህነት ነው፤ የሚያንሸራትት ወለል ላይ የሚያንሸራትት ጫማ አደጋ ነው። በዚያው ዓመት የፊሊፒንስ የሥራ ሚኒስቴር በመደብርና በሆቴል ቆመው የሚውሉ ሴቶችን ታኮ ማስገደድን የሚከለክል ትእዛዝ ቁጥር 178ን አወጣ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ተዋናይትና ጸሐፊ ዩሚ ኢሺካዋ፣ በአንድ የቀብር አገልግሎት ድርጅት ታኮ አድርጋ በሠራችበት ጊዜ ያየችውን ሥቃይ ይዛ ተነሣች፤ በ2019 ከ18,000 በላይ ፊርማ ለሥራ ሚኒስቴር አስገባች። የወቅቱ ሚኒስትር ታኮ ለሥራው ተገቢና አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ በማኅበረሰቡ ተቀባይነት ያለው ነው የሚል መልስ ሰጡ። በዓመቱ የጃፓን አየር መንገድ የሴት ሠራተኞቹን የታኮ ግዴታ አነሣ።

የሴቶች ቅሬታ ለምን በዛ? መልሱን ሁለት የአሜሪካ ክሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የአን ሆፕኪንስ ነው። ሆፕኪንስ በ1982 ፕራይስ ዋተርሃውስ በተባለው የሒሳብ ድርጅት ለሸሪክነት ታጨች። በዚያ ዓመት ከታጩት 88 ሰዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፤ ድርጅቱ ከነበሩት 662 ሸሪኮችም ሴቶቹ 7 ብቻ ነበሩ። ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የ25 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ለድርጅቱ በማስገኘት ትልቅ ድርሻ ነበራት። ሹመቱ ግን ተላለፈ። በሚቀጥለው ጊዜ እንድታገኘው ምን ታድርግ ተብሎ የተሰጣት ምክር ይበልጥ እንደ ሴት መራመድ፣ እንደ ሴት መናገር፣ እንደ ሴት መልበስ፣ ሜካፕ መቀባት፣ ጸጉሯን መሠራትና ጌጥ ማድረግ ነበር። በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ሴት ስለሆነች እንዲህ ትምሰል የሚል ግምት በሹመት ውሳኔ ላይ ሲገባ ሕገ ወጥ አድልዎ ነው አለ። ሆፕኪንስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሸሪክ ሆና ወደ ድርጅቱ ተመለሰች።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው፤ ፍጻሜው ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። በኔቫዳዋ ሬኖ ከተማ፣ ሃራስ በተባለው የቁማር ቤት ለ20 ዓመት ያህል መጠጥ የቀዳች ዳርሊን ጄስፐርሰን የተባለች ሠራተኛ ነበረች። አለቆቿም ደንበኞቿም ያመሰግኗታል። በ2000 ኩባንያው አዲስ የገጽታ ደንብ አመጣ። ሴቶች የፊት ፓውደር፣ ማስካራ፣ የጉንጭ ቀለምና ሊፕስቲክ ሁልጊዜ ይቀቡ፤ ጸጉራቸው ይሠራ። ወንዶች ሜካፕ አይቀቡ፤ ጸጉራቸው ከኮሌታ አይውረድ፣ ጥፍራቸውም ይቆረጥ። ሠራተኛዋ በሜካፕ ራሷን እንደማታገኝ፣ ክብሯም እንደሚነካ፣ አስቸጋሪ ደንበኛን ለመቆጣጠርም እንደሚያዳግታት ተናግራ ሥራዋን ለቀቀች። በ2006 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ 7 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደባት።

ከምክንያቶቹ አንዱ አስገራሚ ነው። ሜካፕ ከወንዶቹ ግዴታ ይልቅ ብዙ ገንዘብና ጊዜ እንደሚወስድ ማስረጃ አላቀረበችም ተባለ። በልዩነት ድምፅ የሰጡት ዳኛ አሌክስ ኮዚንስኪ ሜካፕ ገንዘብና ጊዜ እንደሚወስድ ለማወቅ የባለሙያ ምስክር አያስፈልግም ብለው ተከራከሩ። ትክክል ናቸው። ጠዋት ልጆቿን ለትምህርት ቤት አዘጋጅታ፣ ታክሲ ተጋፍታ በሰዓቱ ቢሮ የምትደርስ ማንኛዋም ሴት ያን ማስረጃ ያለ ደመወዝ ትሰጣቸው ነበር። ደንቡ ለወንዱ መቀስ ይበቃዋል፤ ለሴቲቱ በየወሩ የሚያልቅ ዕቃና በየቀኑ የሚያልፍ ጊዜ ይጠይቃል። እኩል ናቸው የተባለው ሁለቱም ጾታ ላይ አንዳንድ ነገር ስለተጻፈ ብቻ ነው።

የወጪው ጥያቄ በ2025 ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ተሰማ። ስታርባክስ ከሜይ 12 ጀምሮ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ባሪስታዎቹ ጥቁር ሸሚዝ ወይም ቲሸርት፣ ከታች ደግሞ ካኪ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጂንስ እንዲለብሱ ወሰነ። ምክንያቱን ተናግሯል፤ አረንጓዴው ሽርጥ ጎልቶ እንዲታይ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛም ሁለት ቲሸርት በነጻ እሰጣለሁ አለ። በማኅበር የታቀፉ ከ1,000 በላይ ሠራተኞች ግን ሥራ አቁመው ወጡ። ቀድሞ የነበረው ደንብ ሰፋ ያለ የቀለም ምርጫ ይፈቅድ ስለነበር ብዙዎቹ ለሥራ የሚሆን ልብስ በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው ነበር፤ አሁን ያ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቀር ነው። በሳምንት አምስት ቀን ቡና የሚቀዳ ሰው ሁለት ቲሸርት አይበቃውም። ሱሪውና ጫማውስ? ኩባንያው ሽርጤ ይታይልኝ ካለ የሽርጡን ጀርባ የሚያሳምረውን ጨርቅ ራሱ ቢገዛ ፍትሐዊ ይሆን ነበር።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች አንድ የቆየ መልካም ልማድ አላቸው፤ የደንብ ልብስ። ጥበቃው፣ ሹፌሩ፣ ተላላኪውና የጽዳት ሠራተኛዋ በየጊዜው ልብስና ጫማ፣ አንዳንዴም ጃንጥላና ካፖርት ይሰጣቸዋል። በብዙ ድርጅቶች የኅብረት ስምምነት ውስጥ የደንብ ልብስ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ ሲዘገይም የሠራተኛ ማኅበሩ ይጠይቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ የኢትዮጵያ ነው) ደግሞ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ የሚያቀርበው አሠሪው መሆኑን ይደነግጋል። አሳቡ ግልጽ ነው፤ ያዘዘ ይክፈል። ክፍተቱ የሚመጣው ከዚያ በላይ ባለው እርከን ነው። ለጸሐፊዋ፣ ለእንግዳ ተቀባይዋ፣ በሽያጭ ክፍል ለተቀጠረው ወጣት ሱፍ ልበስ፣ ከረባት እሰር፣ ታኮ አድርጊ ሲባል ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። አዲስ ተቀጣሪ ከመጀመሪያ ደመወዙ በፊት ሱፍ መግዛት አለበት። የሚበደር አለ፣ የወንድሙን ጃኬት ትከሻው እየሰፋበት የሚለብሰውም አለ።

ከልብስ ይልቅ ወደ ሰውነት የሚጠጋው ጸጉር ነው። ሱፍ ማታ ይወልቃል፣ ጸጉር ግን አብሮ ያድራል። በ1981 ኒው ዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት አንዲት ጥቁር የአሜሪካን ኤርላይንስ ሠራተኛ ሹሩባ የሚከለክለውን የአየር መንገዱን ደንብ ከስሳ ተረታች። ፍርድ ቤቱ ሹሩባ ከተፈጥሮ የሚመጣ ሳይሆን የሚሠራ ስለሆነ ሊለወጥ ይችላል አለ። የአየር መንገዱን መከራከሪያ ተከትሎም ሠራተኛዋ ሹሩባውን የተሠራችው አንዲት ነጭ ተዋናይት በ1979 በወጣ ፊልም ላይ ካስተዋወቀችው በኋላ መሆኑን ጠቀሰ። አፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው በሚታወቁበት አገር ያደገ አንባቢ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። አንድ ሕዝብ ለዘመናት የኖረበት የጸጉር አሠራር በሌላ ሕዝብ ዓይን ትናንት የመጣ ፋሽን ተደርጎ ተፈረደበት።

ሕጉ እስኪቃና ወደ 40 ዓመት ፈጅቷል። ካሊፎርኒያ በ2019 ሹሩባን፣ ድሬድንና የመሳሰሉትን በሥራና በትምህርት ቤት ከአድልዎ የሚጠብቅ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በ2020 ተከተሏት። ዋሺንግተን ዲሲ ከሁሉም ቀድማለች፤ የ1977ቱ የሰብዓዊ መብቶች ሕጓ ሰውን በውጫዊ ገጽታው ምክንያት በሥራ ማበላለጥን ይከለክላል። ለሂጃብም መንገድ ተከፍቷል። አበርክሮምቢ ኤንድ ፊች የተባለው የልብስ ሻጭ በ2008 አንዲት ወጣትን ሂጃቧ ከገጽታ ደንቡ ጋር አይሄድም ብሎ ሳይቀጥራት ቀረ፤ በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ለእሷ ወሰነ። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ እህት ሹሩባሽን ፍቺ ብትባል ዛሬ የምትጠቅሰው ሕግ አላት። ይህን ማወቋ ለእንጀራዋ ይጠቅማል።

ወንዶቹም ያልታሰበ ዋጋ ይከፍላሉ፤ የእነሱ በአብዛኛው ሙቀት ነው። ሱፍና ከረባት ተወልደው ያደጉት ብርድ ባለበት አገር ነው። ወደ ሞቃት ከተማ ሲሄዱ ቢሮውን ለሱፉ ሲባል ማቀዝቀዝ ግድ ይሆናል፤ ጃፓን ይህን ጉዳይ በመንግሥት ደረጃ ፈትሻዋለች። በ1979፣ የነዳጅ ቀውስ በበረታበት ጊዜ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሳዮሺ ኦሂራ እጅጌው አጭር የሆነ ሱፍ ለብሰው ታዩ፤ ሕዝቡ አልተከተላቸውም። በ2005 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ዩሪኮ ኮይኬ ሌላ መንገድ ሞከሩ። የቢሮ ማቀዝቀዣ በበጋ ከ28 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ፣ ሠራተኛውም ያለ ጃኬትና ያለ ከረባት እንዲገባ አሉ። ዘመቻው ኩል ቢዝ ተባለ።

ከረባት አውልቁ ብሎ ማዘዝ ግን ብቻውን አይሠራም ነበር። ለዓመታት ከረባትን የአክብሮት ምልክት አድርጎ የኖረ የጃፓን ሠራተኛ አለቃው አስሮ ሳለ የራሱን ሊፈታ አይደፍርም፤ ደንበኛ ዘንድ ሲሄድም ባለጌ እንዳይባል ይሰጋል። መፍትሔው ከላይ መጀመር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ የኦኪናዋ ሸሚዝ ለብሰው ካሜራ ፊት ቆሙ፤ ሚኒስትሮቻቸው ያለ ከረባት መግለጫ ሰጡ። ከረባት አምራቾች ገበያችን ሞተ ብለው አቤት ቢሉም ዘመቻው ቀጠለ። መንግሥት በመጀመሪያው በጋ 460,000 ቶን ያህል የካርቦን ልቀት ቀነሰ ብሎ አሰላ። ከ2011 የፉኩሺማ አደጋ በኋላ የኤሌክትሪክ እጥረት ሲመጣ ደንቡ ይበልጥ ላላ። የኮይዙሚ ሙከራ የተሳካው ምክንያቱ ግልጽ ስለነበረና ባለሥልጣኑ ራሱ ቀድሞ ስላወለቀ ነው።

የቢሮ ቅዝቃዜ ሌላ ተጎጂም አለው። በ2015 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቢሮዎች ሙቀታቸውን የሚመጥኑበት ስሌት በ1960ዎቹ የተሠራና የ40 ዓመት ዕድሜ፣ 70 ኪሎ ክብደት ያለውን ወንድ ሰውነት መነሻ ያደረገ ነው። ይህ ስሌት የሴቶች ሰውነት የሚያመነጨውን ሙቀት እስከ 35 በመቶ አጋንኖ ሊገምት ይችላል። ወንዱ በሱፉ እንዳይቃጠል በሚቀዘቅዘው ክፍል ውስጥ ሴቷ ጋቢ ተከናንባ የምትቀመጠው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አንዱ ሠራተኛ ላይ የተጫነ ጃኬት ሌላዋን ያንቀጠቅጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል ማንም እንዳሻው ይልበስ ማለት አይደለም። በሴፕቴምበር 2007 የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ሐኪሞችና ነርሶች ሕመምተኛ ሲነኩ ከክርናቸው በታች ባዶ እንዲሆን አዘዘ፤ ረጅም እጅጌ፣ የእጅ ሰዓት፣ የተንጠለጠለ ከረባት ቀረ። ረጅሙ ነጭ ጋውን ለትውልድ የሐኪም መለያ ሆኖ ኖሯልና ቅር ያላቸው ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። ደንቡ ግን ምክንያቱን ይዞ ነው የመጣው፤ እጅ እስከ አንጓ ድረስ እንዲታጠብ። ክርክሩም ምክንያቱ በቂ ነው ወይስ አይደለም በሚል ተካሄደ፤ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው። የግንባታ ሠራተኛ የራስ ቁር ስላደረገ ክብሬ ተነካ አይልም።

ሥራ አስኪያጆች የሚያነሡት ሌላ መከራከሪያ ልብስ አእምሮን ይለውጣል የሚል ነው። በ2012 ሁለት ተመራማሪዎች የሐኪም ጋውን የለበሱ ሰዎች ትኩረት በሚጠይቅ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ ብለው ጽፈው ግኝቱ በየሥልጠናው ተጠቀሰ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ ብዙ ሰው ይዘው ቢደግሙት ውጤቱ አልተገኘም። በዚያ ጥናት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሠራተኛን ሱፍ ማስለበስ አይቻልም።

ከደንቦች ሁሉ ረጅሙን ስም ያተረፈው የስዊዘርላንዱ ዩቢኤስ ባንክ ነው። በ2010 በጥቂት ቅርንጫፎች ለሙከራ ያወጣው የአለባበስ መመሪያ ከ40 ገጽ በላይ ነበር። የውስጥ ልብስ የቆዳ ቀለም ያለው ይሁን ይላል፤ ነጭ ሽንኩርት የበላ ትንፋሽን ይከለክላል፤ ሽቶ መቼ እንደሚረጭ ያስረዳል። የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ ባንኩም በጃንዋሪ 2011 መመሪያውን እንደሚከልስ አስታወቀ። የባንኩ ዓላማ የደንበኛን አመኔታ ማግኘት ነበር። ደንበኛ ግን የባንክ ሠራተኛን የውስጥ ልብስ አያይም። እዚያ ድረስ የገባ ደንብ ሠራተኛው ራሱን ማስተዳደር አይችልም ብሎ የሚያምን ደንብ ነው፤ ሠራተኛውም ይህን ንቀት ወዲያው ያነበዋል።

በዚያው ጊዜ አካባቢ በአሜሪካ ዲትሮይት ተቃራኒው ሆነ። ጀነራል ሞተርስ ከኪሳራ ሲያገግም ሜሪ ባራ የሰው ኃይል ክፍሉን ትመራ ነበር፤ በኋላ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆናለች። በእጇ 10 ገጽ የአለባበስ ደንብ ነበር። እሷም ያን ሁሉ ሰርዛ ተገቢውን ልበሱ በሚል አጭር ትእዛዝ ተካችው። ተቃውሞው የመጣው ካልጠበቀችው አቅጣጫ ነው፤ ከራሷ ክፍል ባልደረቦችና ከአለቆች። አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ደንቡ በቂ አይደለም፣ ይብራራ ብሎ ጻፈላት። ደውላ ችግሩን ጠየቀችው። ከሠራተኞቹ ጥቂቶቹ አንዳንዴ በድንገት ከመንግሥት ባለሥልጣናት ጋር ስብሰባ ይጠራሉ፤ ጂንስ ለብሰው ቢገኙስ? ከሠራተኞችህ ጋር ተነጋገርበት አለችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሶ ደወለ። ሠራተኞቹ ተነጋግረው፣ ለስብሰባ የሚጠሩት አራቱ ሰዎች አንድ አንድ የክት ሱሪ ሎከራቸው ውስጥ እንዲያስቀምጡ ተስማምተው ነበር።

በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ባለ ቢሮ የአለባበስ ደንብ ለማርቀቅ የተሰበሰበ ኮሚቴ ካለ፣ አንድ ቃል ከመጻፉ በፊት የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሳ ከምትወጣ እንግዳ ተቀባይና ከፀሐይ ላይ ከሚውል ሹፌር ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር። ምን እንደሚያመቻቸው፣ ምን እንደሚያማቸው፣ ጫማው ስንት እንደሚያወጣ ከእነሱ የተሻለ የሚነግረው የለም።